ለቤተሰብ ቪዲዮ ኮል ዌብካም ከመግዛታችሁ በፊት

ከቤተሰብ ጋር በቪዲዮ ስናወራ ምስሉ ደብዝዞ ሲመጣብን ሄደን ውድ ካሜራ ገዝተን ላፕቶፓችን ላይ እንሰካለን፣ ማታ ስንደውል ግን ያው ነው፣ አባባ አሁንም ጭጋግ ውስጥ እንደተቀመጡ ናቸው። እንዴት አይሆንም፣ እናንተ ጋር ያለው ካሜራ የሚያሳምረው እነሱ የሚያዩትን የናንተን ፊት ነው እንጂ እናንተ የምታዩትን የነሱን አይደለም። ሲነገር ቀላል ነው ግን ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው እዚህ ጋር ነው። ስለዚ መጀመሪያ የሚያስቸግረው የማን ምስል እንደሆነ ለዩ፣ የነሱ ከሆነ ካሜራው መግባት ያለበት እነሱ ቤት ነው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙም አያስጨንቃችሁ። 720ፒ ማለት 1280 በ720 ፒክስል ነው፣ ፒክስል ምስሉ የሚሰራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች ናቸው፣ 1080ፒ ደግሞ 1920 በ1080፣ 4ኬ የሚባለው 3840 በ2160 አካባቢ ነው። አብዛኞቹ የኮል አፖች ግን 4ኬውን እንዳለ አይልኩትም፣ ኔትወርክ ሲደክም ደግሞ ራሳቸው ጥራቱን ዝቅ ያደርጉታል። ዙም ለምሳሌ ለሁለት ሰው ኮል በ720ፒ ወደ 1.2 ሜጋቢት በሰከንድ ይፈልጋል፣ በ1080ፒ ለመላክ ግን ወደ 3.8 ይደርሳል። ልብ በሉ ይሄ አፕሎድ ነው፣ ከቤት ወደ ውጭ የሚላከው ማለት ነው፣ ስፒድ ቴስት ስናደርግ (የኢንተርኔቱን ፍጥነት ስንለካ) ሁላችንም የምናየው ወደ ቤት የሚገባውን ዳውንሎዱን ነው፣ ፊታቸውን ወደ እናንተ የሚያመጣው ግን የነሱ አፕሎድ ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙ ቤት ከዳውንሎዱ በጣም ያነሰ ነው። አፕሎዳቸው ደካማ ከሆነ 720ፒ፣ ደህና ከሆነ ደግሞ 1080ፒ ይበቃል፣ ከዛ በላይ የምትከፍሉት ለካርቶኑ ነው። በጣም ርካሽ ሆኖ 4ኬ የሚል ካያችሁ ደግሞ ጠርጥሩ፣ ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ትንሽ ሆኖ ምስሉን በሶፍትዌር የሚለጥጡ አሉ።

ከፒክስል ይልቅ ምስል የሚያበላሸው የብርሃን ማነስ ነው። ዌብካም ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ክፍሉ ሲጨልምበት ብርሃን ለመሰብሰብ ቀስ ማለት ይጀምራል፣ እጅ ሲንቀሳቀስ ጭራ ያወጣል፣ ምስሉም አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፣ ያ አሸዋ ደግሞ ለአፑ ለመጭመቅ ስለሚከብደው ምስሉ መንገድ ላይ ይብስበታል። መስኮት ከጀርባ ካለ ፊት ይጠቁራል። ስለዚ ወንበሩን አዙሩት ወይ መብራት ከፊት አድርጉ፣ ይሄ በነጻ ነው እና ከአዲስ ካሜራ በላይ የሚሰራበት ቤት ብዙ ነው።

ስለ መብራት ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፣ ከውጭ ገዝቶ ለሚልክ ሰው ስለሆነ ነው። አሜሪካና ካናዳ የመብራት ኃይል 60 ኸርዝ ነው (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 60 ዙር ይመላለሳል ማለት ነው)፣ አውሮፓና አብዛኛው አፍሪካ 50። ካሜራው 60 ላይ ተቀምጦ 50 ወዳለበት ሀገር ሲሄድ አንዳንድ አምፖል ስር ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል ወይ ጥቁር መስመሮች ወደ ላይ ወደ ታች ይሄዱበታል፣ ሰው ተበላሸ ብሎ ያስቀምጠዋል። አልተበላሸም፣ የካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አንቲ ፍሊከር (ብልጭታ መከላከያ) የሚለውን 50 ማድረግ ነው።

አሁን ወደ ፎከስ። ቤተሰብ ጋር የምንደውለው ለሰላምታ ብቻ አይደለም አይደል፣ ደረሰኝ አሳዩኝ፣ ውሉ ላይ ምን ይላል፣ መድኃኒቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡልኝ እንላለን። አባባ ወረቀቱን ያነሳሉ፣ አይታየኝም ስትሏቸው ጠጋ ያደርጉታል፣ ጭራሽ ይጠፋል። ይሄ የሚሆነው ፎከሱ የማይንቀሳቀስ ካሜራ ላይ ነው፣ ሰው ከሚቀመጥበት ርቀት ላይ ተስተካክሎ ስለተሰራ ቅርብ ያለ ነገር አያነብም። የሎጂቴክ ኩባንያ ካሜራ የሆነው ሲ270 እንደዛ ነው፣ 720ፒ ነው፣ ለወሬ ምንም አይልም። የዚሁ ኩባንያ ሲ920 ደግሞ 1080ፒ ሆኖ ኦቶፎከስ አለው፣ ማለት ፎከሱን ራሱ ያስተካክላል፣ ወረቀት ለማሳየት ይሻላል። ኦቶፎከስ የሌለው ካላቸው ራቅ አድርገው እንዲይዙት ንገሯቸው፣ ካልሆነ በስልክ ፎቶ አንስተው ይላኩ። ደግሞ እነሱ የራሳቸውን ስክሪን አይተው ጽሑፉ ተገልብጧል ብለው ወረቀቱን ሲያገላብጡ ታያላችሁ፣ ብዙ አፕ ለራስ የሚያሳየውን ምስል እንደ መስታወት ስለሚገለብጠው ነው፣ እናንተ ጋር ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው፣ እንዳለ ይያዙት በሏቸው።

ካሜራው በሚያየው ስፋት ላይ ብዙ የሚወራ የለም። ሲ920 78 ዲግሪ ያያል፣ ለሁለት ሰው ጥሩ ነው፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የሚቀመጥ ከሆነ 90 አካባቢ ፈልጉ፣ ከዛ በጣም ካለፈ ዳር ላይ የተቀመጠው ሰው ፊቱ ይለጠጣል።

ድምፅ ግን በእኔ እምነት ከምስሉ ይበልጣል። ምስል ቢቆም እንታገሳለን፣ ድምፅ ሲቆራረጥ ግን ሃሎ ሃሎ ስንል ሰዓቱ ያልቃል። የዌብካም ማይክ ሰውየው ከተጠጋ ይሰራል፣ ሶፋ ላይ ሆኖ ለሚያወራ ሰው ግን አይበቃም፣ ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ስለማይሰማቸው ስፒከሩን እስከ ጥግ ይጨምሩታል፣ ያን ጊዜ የራሳችሁ ድምፅ ተመልሶ ይመጣባችኋል። ለካሜራው ካሰባችሁት ገንዘብ ላይ ትንሽ ቀንሳችሁ ማይክና ስፒከር አንድ ላይ ያለው ዕቃ ብትጨምሩበት ቤቱ ሙሉ ይሰማል።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው ጭራሽ ዌብካም አያስፈልገውም። አይፎን ኤክስአርና ከዛ በኋላ የወጡት በአይኦኤስ 16 (የስልኩ ሲስተም ነው) ወይ ከሱ በኋላ በመጣው ማክቡክ ላይ እንደ ዌብካም ይሰራሉ፣ ማኩ ላይ ቬንቹራ ወይ ከሱ በኋላ የመጣ ሲስተም ይኑር እንጂ። እነሱ ጋር ኮምፒውተር ከሌለና በስልክ ብቻ የሚያወሩ ከሆነ ደግሞ ስልኩን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ስታንድ ላኩላቸው በቃ፣ እጃቸው ሲደክም ጣሪያ ከማየት ትድናላችሁ።

ዌብካም ነው ካላችሁ ያለ ድራይቨር (ተጨማሪ ፕሮግራም ሳይጫንበት) ሲሰካ ወዲያው የሚሰራውን ምረጡ፣ የነሱ ኮምፒውተር ዩኤስቢ ሲ ነው ወይስ የድሮው ሰፊው የሚለውን ጠይቁ፣ ገመዱም ይድረስ፣ ብዙዎቹ አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ናቸው። የመሸፈኛ ክዳን ያለው ጥሩ ነው፣ ካሜራው ጠቆረ ብለው ሲደውሉ ግን መጀመሪያ ክዳኑን እዩት በሏቸው። ካርቶኑን ሳትጥሉ ቤታችሁ ሰክታችሁ ለጥቂት ቀን ተጠቀሙበት፣ ችግር ካለበት የሚመለሰው እናንተ ጋር እያለ ነው።