የፍላሼ ፎልደሮች ሾርትከት ሆነውብኛል፤ ፎርማት ላድርገው?

አታድርጉት። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመለስኩት ቆጥሬ አልዘልቀውም።

ምልክቱ ሁሌም አንድ ነው። ፍላሹን ይዛችሁ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ። ቤት መጥታችሁ ስትሰኩት ፎልደሮቹ የሉም። በቦታቸው ጥጋቸው ላይ ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች ተደርድረዋል። መጠናቸው 1 ወይም 2 ኪሎባይት ነው። አሁን የፍላሹን ፕሮፐርቲስ እዩ። የተያዘው ቦታ እንደ ድሮው ከሆነ ፋይላችሁ እዚያው አለ።

ባለፈው ሰኔ አንዲት ተማሪ ስድስት ኪሎ አካባቢ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታሳትም ሄደች። የቤቱ ልጅ «ቫይረስ ነው» ብሎ ፎርማት አደረገላት። በዚያው ፍላሽ ላይ ሌላ ፋይልም ገለበጠላት። እኔ ጋ ስትመጣ በፋይል መመለሻ ፕሮግራም ስሞክር አምሽቼ ከአምስት ምዕራፍ ሦስቱን ብቻ አገኘሁ። ሳይነካ ቢመጣ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። እስካሁን ያናድደኛል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ቫይረሱ ፋይሉን አያጠፋም፤ ይደብቀዋል። ብዙ ጊዜ ሁሉንም ሰብስቦ ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ይከታል። ሾርትከቱን ስትከፍቱት ፋይላችሁን ያሳያችኋል፣ ከጀርባ ደግሞ ራሱን ያስነሳል። ሰው የማይጠረጥረው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ዊንዶውስ 7 ወዲህ ፍላሽ ስለተሰካ ብቻ ፕሮግራም በራሱ አይነሳም። ስለዚህ ቫይረሱ የእናንተን ክሊክ ይጠብቃል። ሾርትከቱን አትንኩት። «እስቲ ልየው» ብላችሁም አትንኩት።

መፍትሄው። ሲኤምዲ ክፈቱ፤ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት ጥቁሩ መስኮት ነው። ፍላሹ ድራይቭ ኢ ከሆነ በላቲን ፊደል ኢ እና ኮሎን ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። ከዚያ አትሪብ፣ ማይነስ ኤች፣ ማይነስ አር፣ ማይነስ ኤስ፣ ኮከብ ነጥብ ኮከብ፣ ስላሽ ኤስ፣ ስላሽ ዲ። በየመሃሉ ስፔስ ይግባ፤ ሲጻፍ attrib -h -r -s *.* /s /d ይሆናል። ኤስ የምትባለውን ማይነስ አትዝለሏት፤ እሷ ከቀረች ትእዛዙ አይሠራም። ድራይቩን ሳትቀይሩ ሲ ላይ ሆናችሁ ግን እንዳትጽፉት! ሲጨርስ ስም የሌለው ፎልደር ብቅ ይላል። ሰነዶቻችሁን ብቻ ወደ ኮምፒውተራችሁ ኮፒ አድርጉ። ሾርትከቶቹን እና የማታውቁትን የስክሪፕት ፋይል ተዉ። ፎርማት የሚደረገው አሁን ነው።

ሲኤምዲ የሚያስፈራችሁ ከሆነ ፍላሹን የታመቀ ፋይል በሚከፍተው ፕሮግራም፣ በዊንራር ክፈቱት። የተደበቀውን ያሳያል።

ንጹሑን ፍላሽ መልሳችሁ ስትሰኩት ሾርትከቱ ከተመለሰ በሽታው ኮምፒውተራችሁ ላይ ነው። ታስክ ማናጀር ውስጥ ደብሊውስክሪፕት (wscript) የሚል ካያችሁ ዝጉት፤ ቫይረሱን ስክሪፕት የሚያስኬድለት እሱ ነው። ከስታርትአፕ ዝርዝርም የማታውቁትን አጥፉ። ከዚያ ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ጸረ ቫይረስ፣ በዊንዶውስ ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን አድርጉ። እስኪያልቅ ሌላ ፍላሽ አትሰኩ።

ትልቅ ፊልም ለመገልበጥ እምቢ ካለ ፍላሹ ፎርማት የተደረገው ፋት32 በሚባለው ዓይነት ነው፤ አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ከሞላ አይቀበልም። በኤክስፋት ፎርማት አድርጉት።

አማርኛው በማይነበብ ምልክት ከመጣ ቫይረስ አይደለም። ብዙ ጊዜ በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነው፤ ያንኑ ፎንት ጫኑ።

በርካሽ የገዛችሁት «2 ቴራባይት» ፍላሽ ላይ ፋይሉ ተገልብጦ ሲያበቃ አልከፈት ካለ ፍላሹ የውሸት ነው። መጠኑን የሚዋሸው ውስጡ ያለው ቺፕ ስለሆነ ፎርማት አያድነውም። እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚሸጥ ሰው የሰው የሠርግ ፎቶ እየበላ መሆኑን ይወቀው።

ያወረዳችሁት ማመልከቻ መጨረሻው ላይ ፒዲኤፍ ሳይሆን ኢኤክስኢ የሚል ከሆነ ማመልከቻ አይደለም፤ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ ይህን መጨረሻ ይደብቀዋል። የፎልደሩ መስኮት ላይ ቪው ውስጥ ገብታችሁ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለውን ዛሬውኑ አብሩት።