በመከራ ጊዜ በጸሎት ማመስገንና ማመን እንዴት ይቻላል?

ጅማ ውስጥ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታው ቶሎ አያልቅም። «እንዴት ነህ? ቤተሰብስ? ሥራስ እንዴት ነው?» ይባባላሉ፤ መልሱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ነው። ልጁ ታሞበት እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ያደረውም፣ የቤት ኪራይ ተጨምሮበት መግቢያ የጠፋውም የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ቃሉ መልካም ነው፤ ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው ነው። ነገር ግን ልብ አፍን ካልተከተለው፣ ሰውየው ቤቱ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ከጭንቀቱ ጋር ብቻውን ይቀራል። እዚህ የምጽፈው በሩ ከተዘጋ በኋላ ስለሚደረገው ነው።

ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ስለሆንኩ የምጠቅሳቸው ጸሎቶች አብዛኞቹ ከቤተ ክርስቲያናችን ናቸው። የጅማ ሰው ግን ከሙስሊምም ከጴንጤም ጋር አንድ ግቢ ተከራይቶ፣ ቡና ተጠራርቶ የሚኖር ነውና ማንም ለራሱ በሚስማማው መንገድ ሊወስደው ይችላል። አጥብቄ የማምነው አንድ ነገር አለ፦ ምስጋና መከራን መሸፈኛ አይደለም። ብሶቱን ሳይናገር ለማመስገን የሚጣደፍ ሰው ምስጋናው አይዘልቅለትም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ እሮሮ፣ ቀጥሎ ምስጋና፣ ከዚያ እምነት።

አንድ ሰዓት ምረጡ

ቤተ ክርስቲያን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜ አላት፤ ከነግህ ጀምሮ እስከ መንፈቀ ሌሊት። መከራ ላይ ያለ ሰው ሰባቱንም ልያዝ ብሎ ቢነሣ በሦስተኛው ቀን ይሰለቻል፤ ከዚያ ደግሞ «ጸሎትም አቃተኝ» የሚል ሌላ ሐዘን ይጨመርበታል። አንዱን ያዙ። ማለዳ ከቤት ሳትወጡ ወይም ማታ ከመተኛታችሁ በፊት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይበቃል። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከልጆች ጋር ለሚኖር ሰው ቦታ ማግኘት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ልጆቹ ሲተኙ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ወይም ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄዱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተሳልማችሁ ትንሽ ቆዩ። ክረምት ከሆነ ደግሞ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጎረቤት አይሰማም፤ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ ለሚያፍር ሰው ዝናቡ ራሱ መጋረጃ ነው።

መጀመሪያ ብሶታችሁን ተናገሩ

ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እንፈራለን። እግዚአብሔር ፊት ማማረር ድፍረት፣ ከዚያም አልፎ ክህደት ይመስለናል። ዳዊት ግን እንዲህ አልነበረም። መዝሙር 12ን አውጡ (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱሶች 13 ነው)። ሲጀምር «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» ብሎ ነው፤ እስከ መቼ፣ እስከ መቼ እያለ ይደጋግማል። መዝሙር 87 ደግሞ (በሌላው ቁጥር 88) እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ጨለማ ነው፤ ማጽናኛ እንኳ ሳይጨመርበት ያልቃል። መዝሙረ ዳዊት በሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ ሲደገም 12ኛው ሰኞ፣ 87ኛው ሐሙስ ላይ ይውላል። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለውን እሮሮ በየሳምንቱ እንድንደግመው የሰጠችን ከሆነ የእኛን እሮሮ ለምን እንደብቀዋለን?

ስትናገሩ በደፈናው «ችግሬን ታውቀዋለህ» አትበሉ። በስሙ ጥሩት። «ሥራ ከወጣሁ ጀምሮ የባለቤቴን ዓይን ማየት ፈርቻለሁ።» «የእናቴ ሕመም ምን እንደሆነ አልታወቀም፣ ገንዘቡም አልቋል።» «ወንድሜ ላይ ቂም ይዣለሁ።» መጻፍ የምትችሉ ደብተር ግዙና ቀኑን ከላይ አድርጋችሁ ጻፉት፤ ደብተሩ በኋላ ያስፈልጋል።

የነቢዩ ሳሙኤልን እናት ሐናን አስቡ። ልጅ አጥታ፣ ጣውንቷ እየሰደበቻት ቤተ መቅደስ ገብታ ስታለቅስ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ስለነበር ካህኑ ዔሊ ሰካራም መሰለችው። እሷም በእግዚአብሔር ፊት ነፍሷን እያፈሰሰች መሆኑን ነገረችው። ከዚያ ሄደች፣ በላች፣ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አላዘነም ይላል መጽሐፉ። ልብ በሉ፤ ሳሙኤል ገና አልተፀነሰም ነበር። የተለወጠ ነገር ሳይኖር ፊቷ የተፈታው ያለባትን ሁሉ ስላወጣችው ነው።

አንዲት ሙስሊም ጎረቤታችን ባለቤታቸው በሞቱ ሰሞን ሰው ሁሉ «በርቱ፣ አይዞዎት» ሲላቸው ነቢዩ ያዕቆብን ይጠቅሱ ነበር፤ ዩሱፍን አጥቶ ሐዘኔንና ጭንቀቴን የማሰማው ለአላህ ብቻ ነው ማለቱን። የማይናገር ሳይሆን ለማን እንደሚናገር የሚያውቅ ሰው ነበር።

የቀረውን ነገር አንድ በአንድ ቁጠሩ

ብሶቱ ከወጣ በኋላ ዝም ብላችሁ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ካህኑ በቅዳሴ የሚጸልየውን ጸሎተ አኰቴት አስታውሱ። «ነአኩቶ» ብሎ የሚጀምረው ነው፤ በጎ ነገር ያደረገልንን መሐሪውን እግዚአብሔርን እናመስግነው ይላል። ምክንያቱንም ይዘረዝራል፦ ሰውሮናል፣ ረድቶናል፣ ጠብቆናል፣ አቅርቦናል፣ ተቀብሎናል፣ አጽንቶናል፣ እስከዚህች ሰዓት አድርሶናል። ሀብት ሰጥቶናል፣ ጠላታችንን አጥፍቶልናል የሚል የለበትም። እስከዚህች ሰዓት መድረስ ራሱ ምስጋና ይገባዋል ማለት ነው።

እያንዳንዱን ቃል ወስዳችሁ የዛሬውን ቀን አንድ ነገር አስቀምጡበት። «ረድቶናል» ስትሉ ማን ረዳኝ ብላችሁ አስቡ፤ «ጠብቆናል» ስትሉ ዛሬ ከምን ተረፍኩ በሉ። ሰባቱንም ባትሞሉ አያስጨንቃችሁ፤ አንዳንድ ቀን ሁለቱ ብቻ ይሞላሉ።

ይህን ያስተማረችኝ እናቴን ሳስታምም ጅማ ሆስፒታል ያገኘኋት ሴት ናት። ከደቡብ ምዕራብ ዞኖች ሁሉ ሕመምተኛ ወደዚያ ስለሚመጣ ግቢው ብርድ ልብስና ፔርሙዝ በያዙ አስታማሚዎች የተሞላ ነው። እሷም ከዳውሮ በኩል ነበር የመጣችው፤ ልጇ ቀዶ ሕክምና ይጠብቅ ነበር። ማታ ማታ ነጠላዋን ተከናንባ አግዳሚው ላይ ትቀመጥና በጣቷ ትቆጥራለች። መጀመሪያ ላይ መቁጠሪያ ያልያዘች እግዚኦታ የምታደርስ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ተጠግቼ ስሰማ «ነርሷ መርፌውን ቀስ አድርጋ ወጋችው፤ ተመስገን። ዝናቡ ሳይመጣ ልብሱ ደረቀልኝ፤ ተመስገን። ያቺ ልጅ ሻይ አካፈለችኝ፤ ተመስገን» ትላለች። ስትጨርስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ታለቅሳለች። ምስጋናውም ልቅሶውም እውነት ነበር፤ አንዱ ሌላውን አላስቀረውም።

አንድ የማልወደው ምስጋና አለ፤ በሰው መከራ ላይ የሚቆም። «እገሌ እግሩ ተቆርጧል፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ማለት ለጊዜው ያጽናና ይሆናል። የዚያ ሰው እግር ግን ለእኛ መጽናኛ እንዲሆን አልተቆረጠም። «የባሰ አታምጣ» ማለት ያባት ነው፤ የሰውን ጉዳት መመዘኛ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። የራሳችሁን ቀን ብቻ ቁጠሩ።

የሚቆጠር ነገር ሲጠፋ ወደ ዕንባቆም ሂዱ

እውነቱን ለመናገር ምንም የማይገኝበት ቀን አለ። ለዚያ ቀን ጸሎተ ዕንባቆም አለ፤ ከመዝሙረ ዳዊት በኋላ በጸሎተ ነቢያት ውስጥ ይገኛል፣ እሑድም ይደገማል። በለስ ባታፈራ፣ ወይን ፍሬ ባይገኝበት፣ እርሻው መብል ባይሰጥ፣ በጎች ከበረቱ ቢጠፉ እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል ይላል።

ይህን የጅማ ሰው ማንም ሳያብራራለት ይገባዋል። ቡና አንድ ዓመት ካፈራ በሚቀጥለው ዓመት ይቀንሳል። በጥቅምትና በኅዳር ለቅሞ ያሰጣው ጀንፈል ያለ ጊዜው ዝናብ መትቶት ሲሻግት፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የብድር ዕዳ፣ የዓመት በዓል ልብስ ሁሉ አብሮ ይበላሻል። እንግዲህ ጸሎቱን በራሳችሁ ኑሮ ጻፉት፦ «ቡናው ባያፈራ፣ ጀንፈሉ ቢሻግት፣ ልጄ ፈተና ቢወድቅ፣ ሱቄ ቢዘጋ፣ እኔ ግን...» ከዚያ «እኔ ግን» ያለውን እንደ ዕንባቆም መጨረስ ከቻላችሁ ጨርሱት። ካልቻላችሁ እዚያው ላይ ተዉትና በሚቀጥለው እሑድ ተመለሱበት። ያልተሰማችሁን ደስታ ተሰማኝ ማለት አያስፈልግም።

ቃል ሲያልቅ

እግዚኦታ አድርሱ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያሉ በመቁጠሪያ 41 ጊዜ። ልብ ቢባዝንም አፍ ይቀጥል፤ ልብ አንዳንድ ጊዜ ወደ ማለቂያው ላይ ይደርሳል።

ስለት በችኮላ አትሳሉ

ሰው ሲጨንቀው «ይህን ብታደርግልኝ ይህን አገባለሁ» ይላል። ስለት የአባቶች ነው፣ አልነቅፈውም። ነገር ግን በጭንቀት ሰዓት ከአቅም በላይ ተስሎ ኋላ ለመክፈል የሚበደር ሰው አለ። መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 5 ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል ይሻላል ይላል። ጧፍ፣ ዕጣን፣ አንድ ቀን ለነዳያን ምሳ፤ አቅማችሁ የሚችለውን በሉ።

ሐኪምም ከእግዚአብሔር ነው

እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ በተለይ ደግሞ መኖር ካስጠላችሁና ራስን መጉዳት ካሰባችሁ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩና ወደ ሕክምና ሂዱ። ጅማ ላይ የአእምሮ ሕክምና አለ። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል፤ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እርሱ ነው። ጸበል የምትጠመቁ፣ የቲቢም ሆነ የኤች አይ ቪ መድኃኒታችሁን በፍጹም አታቋርጡ። የቡና ፍሬ በሽታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ሲታወቅ ገበሬው ጸለየ፤ የጅማ ተመራማሪዎች ደግሞ በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ መረጡ። ሁለቱን የሚያጣላ ነገር አላየሁም።

ለሌላ ሰው ጸልዩ

መከራ ሰውን ወደ ራሱ ብቻ ያዞረዋል። ስለዚህ በየቀኑ የአንድ ሰው ስም አንሡ፤ ቢቻል ደግሞ የምትቀኑበትን ወይም ያስቀየማችሁን። ቡና ሲፈላ ጎረቤት መጥራትም ከጸሎቱ አይለይም። በረካው ላይ ትልቅ ሰው ሲመርቅ «አሜን» የሚለው ድምፅ ሲበዛ፣ ብቻዬን ነኝ የሚለው ሐሳብ ይላላል። በተራው ቡና መጥራት ስላልቻለ የሰው ቡና መጠጣት የሚያፍር ካለ እሱን ቀድማችሁ ጥሩት፤ የተቸገረ ሰው መጀመሪያ የሚተወው ቡና መጥራትን ነውና።

ደብተሩን መልሳችሁ አንብቡ

እምነት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መዝሙር 76 (በሌላው ቁጥር 77) እግዚአብሔር ምሕረቱን ረስቶ ይሆን ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ግን ከሰማይ አይወርድለትም። ዘማሪው ራሱ የቀደመውን ዘመን፣ ባሕሩን የከፈለበትን ሥራ ማስታወስ ይጀምራል። ማመን የሚችለው ስለሚያስታውስ ነው።

እናንተም በወር አንድ ቀን ምረጡ፤ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም ወይም በ27 የመድኃኔዓለም ዕለት። ባለፈው ወር የጻፋችሁትን እሮሮና ምስጋና ከመጀመሪያው አንብቡ። የተፈታውን ከጎኑ «ተመስገን» ብላችሁ ምልክት አድርጉበት። ፈጽሞ የረሳችሁት ጭንቀት ታገኛላችሁ፤ ያን ጊዜ እንዴት እንዳለፋችሁት ለማስታወስ ሞክሩ፣ ማን እንደረዳችሁም ጻፉ። ያልተፈታውን ደግሞ አትሰርዙት፣ አታለሳልሱትም። በዚያው ቃል፣ አዲስ ቀን ጽፋችሁበት ወደሚቀጥለው ገጽ አሻግሩት፤ ሰኞ መዝሙር 12 ሲደርስ አብራችሁ ትደግሙታላችሁ።