ዲኮምፕሬሽን ቴራፒ ለወገብ ህመምዎ ይሆን እንደሆነ እንዴት መወሰን ይችላሉ?

ወገቡን ያመመው ሰው የማይሞክረው ነገር የለም። "ያለ ቀዶ ጥገና ዲስክዎን ወደ ቦታው እንመልሳለን" ሲባል ደግሞ ልብ ይከፈታል፣ ቦርሳም አብሮ ይከፈታል። ቦርሳው ከመከፈቱ በፊት ግን ጥቂት ነገሮችን እንይ።

ህክምናው ይህን ይመስላል። ልብስዎን እንደለበሱ አልጋ ላይ ይተኛሉ። ዳሌዎና ደረትዎ ላይ ቀበቶ ይታሰራል። ከዚያ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሞተር ቀስ ብሎ ይስብዎታል፣ ይለቅዎታል፣ መልሶ ይስብዎታል። አንዱ ዙር ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ለሳምንታት መመላለስም አለ። በአከርካሪ አጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ በመካከላቸው እንደ ትራስ በተቀመጠው ዲስክ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ ነርቩም ይተነፍሳል ነው ሃሳቡ። ስሙ አዲስ ይምሰል እንጂ ድሮ ትራክሽን (መሳብ) የሚባለው ነው፤ ሞተርና ስክሪን ተጨመረበት።

1. መጀመሪያ አደገኛ ምልክት እንደሌለ ያረጋግጡ

ይህችን ደረጃ አይዝለሏት። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት፣ በጭንዎ መካከልና በመቀመጫዎ አካባቢ ከደነዘዘዎት፣ ወይም እግርዎ እየዛለ ከሄደ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ነርቮቹ ክፉኛ ተጭነው ሊሆን ይችላል፤ መዘግየት ዘላቂ ጉዳት ያስከትላል። ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ከዚህ በፊት ካንሰር መኖር፣ ከመውደቅ ወይም ከአደጋ በኋላ የመጣ ህመምም ሐኪም ሳያይዎት አልጋው ላይ የሚያስተኙ አይደሉም።

2. የሚከለክልዎት ነገር ካለ ይለዩ

እርግዝና፣ የአከርካሪ ስብራት፣ ዕጢ ወይም ኢንፌክሽን፣ የከፋ የአጥንት መሳሳት፣ በአከርካሪ ላይ የተገጠመ ብረት፣ በሆድ ውስጥ ያለ ትልቅ የደም ስር ማበጥ። ከነዚህ አንዱ ካለብዎት መሳቡ ይቅርብዎ። ማዕከሉ ስለነዚህ ሳይጠይቅዎት አልጋ ካሳየዎት ተነስተው ይውጡ።

3. ህመሙ ከየት እንደሚመጣ ይወቁ

ከወገብ ተነስቶ በመቀመጫ በኩል እስከ እግር የሚወርድ፣ የሚያቃጥል ወይም የሚነዝር ህመም ነርቭ መጫኑን ይጠቁማል። ህክምናው በዋናነት የሚታሰበውም ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ወገብ ላይ ብቻ ተወስኖ የሚቀር ድፍን ህመም ከሆነ የዲስኩ ታሪክ ራሱ አጠራጣሪ ነው።

"ኤምአርአይ ላይ ዲስክዎ ወጥቷል" ሲባሉ አይደንግጡ። ምንም የማያማቸው ሰዎች ኤምአርአይ ሲታይ፣ በ20ዎቹ ካሉት 30 በመቶ ያህሉ፣ በ80ዎቹ ካሉት ደግሞ 84 በመቶ ያህሉ ያበጠ ዲስክ ይገኝባቸዋል። ምስሉ ከምልክቱ ጋር ካልገጠመ የሚታከመው ፎቶ ነው፣ ሰው አይደለም።

4. የጥናቱን ነገር በግልጽ ይስሙ

እዚህ ላይ ሻጮቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። የህክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2013 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ግምገማ 32 ጥናቶችን አይቶ፣ ትራክሽን ለወገብ ህመም ያለው ጥቅም ትንሽ ወይም ምንም ነው ብሏል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 (እ.ኤ.አ.) ለቆየ የወገብ ህመም ባወጣው መመሪያ ትራክሽንን አይመክርም። "እኔ ግን ድኛለሁ" የሚል ሰው መኖሩ አይገርምም። አብዛኛው አዲስ የወገብ ህመም በሳምንታት ውስጥ ይቀላል፣ የወጣ ዲስክም ብዙ ጊዜ በራሱ ይሟሽሻል። እና በስድስተኛው ሳምንት ለተሻለው ሰው ምስጋናው ለአልጋው ነው ወይስ ለጊዜው?

5. ርካሹን መጀመሪያ ይሞክሩ

መንቀሳቀስ፣ በፊዚዮቴራፒስት የሚመራ ስፖርት፣ ሐኪም የፈቀደው ማስታገሻ። አሰልቺ ነው፤ የተሻለ ማስረጃ ያለው ግን ይኸው ነው። ተኝቶ መክረም ደግሞ ያባብሳል።

6. ልሞክረው ካሉ፣ በቃል ሳይሆን በልክ ይሞክሩ

የ20 ዙር ሙሉ ክፍያ አስቀድመው አይክፈሉ። ሐኪምዎ ምርመራዎን አይቶ ይስማማ። ከመጀመርዎ በፊት የሚለካ ነገር ይጻፉ፦ ስንት ደቂቃ ይቀመጣሉ፣ ምን ያህል ይራመዳሉ፣ ሌሊት ስንቴ ይነቃሉ። ከአራት ወይም ከስድስት ዙር በኋላ ወረቀቱን አውጥተው ያወዳድሩ። ቁጥሩ ካልተቀየረ ያቁሙ። ህመሙ ወደ እግር እየወረደ ከመጣ ወይም አዲስ ድንዛዜ ከታየ ግን ቀጣዩን ዙር ሳይጠብቁ፣ የዚያኑ ዕለት ሐኪምዎን ያግኙ።