ገላጣ ሐይቅ ላይ ከዳር ሆኖ ባስ ማጥመድ

ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና አውሮራ የምትኖሩ ቦታውን ታውቁታላችሁ። ከአውሮራ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወጣ ሲባል አውሮራ ሪዘርቮየር የሚባል፣ ለከተማው የመጠጥ ውሃ የሚያጠራቅም ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ። ዙሪያው ሣር የለበሰ ሜዳ ነው። ዛፉ ጥቂት፣ ጥላው ጥቂት፣ ነፋሱ ግን ብዙ። ዩቲዩብ ላይ ባስ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች የሚያሳዩን ውሃ ውስጥ የወደቀ ግንድ፣ የተንሳፈፈ ሰፋፊ ቅጠል፣ ዓሣ ከሥሩ የሚጠለልበት የየቤቱ ጀልባ ማቆሚያ እዚህ የለም። ከዳር ቆማችሁ ስታዩት ውሃ የሞላበት ትልቅ ሳህን ነው።

እኔ የመጀመሪያውን ሰመር የጨረስኩት የሳህኑ መሐል ለመድረስ ስታገል ነው። ረጅም ዘንግ ገዛሁ፣ ከባድ እርሳስ ገዛሁ፣ ክንዴ እስኪዝል ወረወርኩ። አንድ ቀን ደክሞኝ ቁጭ ብዬ ማጥመጃውን ዝም ብዬ ስጎትት፣ ከእግሬ ሁለት ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ ድንጋዩ ጥግ፣ አንድ ስሞልማውዝ የሚባል የባስ ዓይነት ተከትሎት መጣ። አየኝና ዞሮ ሄደ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ዓሣው እግሬ ሥር ሆኖ እኔ በራሱ ላይ አሳልፌ ስወረውር ከርሜያለሁ።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት፣ ሩቅ አትወርውሩ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ባስ አብዛኛውን ጊዜ ዳርቻውን ይዞ የሚኖር ዓሣ ነው፤ የሚበላው ክሬይፊሽም (ሸርጣን መሰል ትንሽ የውሃ እንስሳ) ትንንሹም ዓሣ እዚያ ስላለ። እንበልና ጥሩው ውሃ፣ ከ1 እስከ 3 ሜትር የሚጠልቀው፣ ከዳር ጀምሮ 6 ሜትር ስፋት አለው። ወደ መሐል 30 ሜትር ብትወረውሩ ማጥመጃችሁ 24ቱን ሜትር ባዶ ውሃ ውስጥ ተጉዞ ዓሣ ያለበትን የሚያልፈው በመጨረሻዋ 6 ሜትር ብቻ ነው፤ እሷንም ብዙ ሰው ለሚቀጥለው ውርወራ ቸኩሎ ቶሎ ቶሎ ይጠቀልላታል። ከዳርቻው ጋር ትይዩ ብትወረውሩ ግን 30ውም ሜትር ሥራ ላይ ነው። ልዩነቱ ይሄ ነው፤ አዲስ ዘንግም አያስፈልገውም።

ቦታው ስትደርሱ ቀጥታ ውሃው ጫፍ ላይ ሄዳችሁ አትቁሙ። ሁለት ሦስት ሜትር ወደኋላ ቆም በሉ፣ ጥላችሁ ውሃው ላይ እንዳይወድቅ ፀሐዩን ተመልከቱ፣ የመጀመሪያዋን ውርወራ ሳትጠጉ ወደ ጎን ልቀቋት። ከዚያ ወደ ሌላኛው ጎን። ከዚያ ሰያፍ። ቀጥታ ወደ መሐል የሚወረወረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ለሱም አንድ ወይ ሁለት ጊዜ ይበቃዋል። ውሃው ጥርት ያለ ቀን ድንጋይ ላይ ዱብ ዱብ ብሎ መርገጥ ራሱ ዓሣ ያባርራል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ዳርቻው ሁሉ አንድ ዓይነት ሲመስል የት ይቆማል? መልሱ፣ አንድ ዓይነት አይደለም። አገር ቤት ገላጣ ሜዳ ላይ አንድ ግራር ብቻ ካለ በቀትር ከብቱ ሁሉ ከሥሩ ነው። ጫካ ውስጥ ቢሆን ግን ያቺን ግራር ማን ያያታል? እዚህም እንደዚያው ነው፤ መሸሸጊያ በሞላበት ሐይቅ ላይ ዞር ብላችሁ የማታዩት አንድ ድንጋይ፣ ገላጣ ሐይቅ ላይ ሰፈር ነው።

እኔ የምፈልገው ነገር የሚለዋወጥበትን ቦታ ነው። ግድቡን ከማዕበል ለመጠበቅ የተደረደረው ድንጋይ አለ አይደል? እሱ ራሱ ጥሩ ነው፤ በየስንጥቁ ክሬይፊሽ ይደበቃል፣ ስሞልማውዝ ደግሞ ክሬይፊሽ ሲያይ አያልፍም። ግን ድንጋዩ 500 ሜትር ከተዘረጋ የትኛው ድንጋይ? ድንጋዩ የሚያልቅበት ጫፍ። ትልልቁ ድንጋይ ወደ ጠጠር፣ ጠጠሩ ወደ ጭቃ የሚቀየርበት። ግድቡ የሚታጠፍበት ጥግ። ውሃ የሚገባበት ወይም የሚወጣበት የሲሚንቶ ግንባታ፣ ጀልባ የሚወርድበት ኮንክሪት ግራና ቀኙ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ውሃው የተንከባለለ አንድ ትልቅ ድንጋይ። ከመሬቱ ወደ ውሃው የሚገባ አፍንጫ መሰል ምላስም ካለ አትለፉት፤ ከላይ የምታዩት ቁልቁለት ውሃው ሥርም ይቀጥላል፣ ስለዚህ ደረቁን መሬት ማንበብ ግማሹን ሥራ ይጨርስላችኋል። ዳገቱ ቀጥ ያለ ከሆነ ውሃው ቶሎ ይጠልቃል፣ ለጥ ያለ ከሆነ ደግሞ ሩቅ ድረስ ጉልበት የማይሞላ ነው።

ከላይ የማይታየውን ደግሞ በእርሳስ ዳስሱት። ካሮላይና ሪግ የሚባለውን እሰሩ፦ ክሩ ላይ የምትንሸራተት ጥይት መሰል እርሳስ፣ ከሷ በታች ማያያዣ ቀለበት፣ ከዚያ ክንድ ያህል ክር፣ ጫፉ ላይ መንጠቆና የጎማ ትል። ወርውሩና ቁጠሩ፤ አንድ ሁለት ሦስት እያላችሁ ክሩ እስኪላላ። ሁሌም በዚያው እርሳስ ከቆጠራችሁ የትኛው ቦታ ጠለቅ እንደሚል ሳትጠይቁ ታውቃላችሁ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ጎትቱ። ጭቃ ከሆነ እጃችሁ ላይ ገንፎ ውስጥ ማንኪያ እንደመጎተት ይከብዳል። ጠጠር ከሆነ ቅጭ ቅጭ ይላል። ሣር ከሆነ ያዝ አድርጎ ይለቃል። ጭቃ ጭቃ ሲል ቆይቶ ድንገት ቅጭ ካለ እዚያው አቁሙት፣ ምልክት ያዙ፣ ስልካችሁ ላይ ቦታውን መዝግቡ። በዚያን ቀን ምንም ባትይዙ እንኳ ያቺ ነጥብ የእናንተ ናት።

ሌላ ነፃ ዘዴ አለ። የነዚህ ሐይቆች ውሃ ከፍ ዝቅ ይላል። ዝቅ ባለ ጊዜ ዘንግ እቤት ትታችሁ ስልክ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። ውሃው የሸሸበትን መሬት እየተራመዳችሁ ጉድጓዱን፣ የድንጋይ ክምሩን፣ የድሮ አጥር እንጨቱን ፎቶ አንሱ፣ ፎቶው ላይ ከበስተጀርባ አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር ይግባ። ይህም ካልተመቻችሁ ጎግል ኧርዝ ላይ የድሮ ዓመታት ምስሎች አሉ፤ ውሃው ያነሰበትን ዓመት ፈልጉና ዳርቻውን አጥኑ። ሐይቁ ሲሞላ ሌላው ሰው ውሃ ብቻ ያያል።

ነፋስን በተመለከተ ብዙ ሰው ተሳስቷል፤ እኔም ተሳስቼ ነበር። ነፋስ ሲነሳ ሁሉም ጋ ያለው ስሜት ወደ ጸጥታው ጎን መሸሽ ነው። ገላጣ ሐይቅ ላይ ግን ዓሣው የሚበላው ነፋሱ የሚመታው ዳርቻ ላይ ነው። ነፋሱ ደቃቁን ምግብ ወደዚያ ይገፋዋል፣ ትንንሹ ዓሣ ይከተላል፣ ባስ ደግሞ ትንንሹን ይከተላል። ማዕበሉ ብርሃኑን ስለሚሰባብረው ዓሣው እናንተንም ክሩንም በደንብ አያይም፤ በጠራ ውሃ ውስጥ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዳርቻው ጭቃ ከሆነ ውሃው ደፍርሶ ከጥሩው ውሃ ጋር መስመር ይሠራል፤ ያን መስመር ተከትላችሁ ማጥመጃውን አሳልፉ። ይህ መስመር ከነፋሱ ጋር የሚመጣና የሚሄድ መሸሸጊያ ነው። ለውርወራው አይመችም፣ አውቃለሁ። ኮፍያዬንም ሁለት ጊዜ ወስዶብኛል።

ዕቃ ላይ አትጨናነቁ። 7 ጫማ የሚሆን መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ስፒኒንግ ዘንግ፣ 2500 ቁጥር ሪል (ክር መጠቅለያ)፣ 10 ፓውንድ የሚችል የተጎነጎነ ክር፣ ጫፉ ላይ ሁለት ሜትር ያህል 8 ፓውንድ የሚችል ፍሎሮካርቦን የሚባል ክር። ከማጥመጃ ሦስት ዓይነት ይበቃል። አንደኛው ኔድ ሪግ ነው፤ እንጉዳይ የመሰለች ትንሽ የእርሳስ ራስና 3 ኢንች የማትሞላ የጎማ ትል። መልኳ አያምርም፣ ጓደኛዬ ሲያያት ሲጋራ ቁራጭ ነው ያላት፤ ግን ድንጋይ ላይ ቀስ ብላ ስትጎተት የሚንቃት ዓሣ ጥቂት ነው። ሁለተኛው ለነፋስ ቀን ስፒነርቤት፤ ከበድ ስለሚል ነፋስ ሰብሮ ይሄዳል፣ የሚሽከረከረው ብረትም በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ይሰማል። ሦስተኛው ከ1 እስከ 2 ሜትር የሚጠልቅ ክራንክቤት የሚባል ጠንካራ ማጥመጃ፣ ቀለሙ ቡናማ ወይም ወይባ፤ ድንጋዩን እየገጨ ሲሄድ እንደሸሸ ክሬይፊሽ ይመስላል። ካልገጨ ጥቅሙ ግማሽ ነው። አዎ፣ ድንጋይ ይዞ ያስቀርባችኋል። ስለዚህ ውዱን አትግዙ።

ኔድ ሪጉን ሲነክሰው ሁሌ ጎትቶ አይሄድም። አንዳንዴ ክሩ ብቻ ላላ ይላል፣ አንዳንዴ ቶክ ይልና ዝም። ያኔ ሽቅብ መንጨቅ አያስፈልግም፤ ክሩን ወጠር አድርጋችሁ ዘንጉን ወደ ጎን ሳብ ነው። መንጠቆዋ ቀጭን ስለሆነች ራሷ ትገባለች።

አንድ ቦታ ላይ አሥር ያህል ውርወራ ከሞከራችሁ በኋላ ሂዱ። ወንበር ዘርግቶ ሦስት ሰዓት መጠበቅ የካትፊሽ (አምባዛ) አጥማጅ ሥራ ነው። ሐይቁን የሚዞረው አስፋልት መንገድ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁሉንም ዙሩ አልልም፣ ግን ቦርሳችሁ ቀላል፣ ጫማችሁ ምቹ ይሁን። አንድ ከያዛችሁ ቁሙና ጠይቁ፦ እዚህ ምን የተለየ ነገር አለ? ጠጠር ነበር? ነፋሱ ከየት ነበር? ያንኑ የመሰለ ሌላ ቦታ ፈልጉ። አንድ ዓሣ ብዙ ጊዜ ካርታ ነው።

ወቅቱን ባጭሩ። ውሃው 15 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ባስ እንቁላል ለመጣል ወደ ጥልቀት የለሹ ውሃ ይመጣል፤ እዚህ ሜይ እና ጁን ገደማ ማለት ነው። ወንዱ ጎጆውን ሲጠብቅ ቀላል ታዳኝ ነው፣ እኔ ግን እተወዋለሁ፤ እሱ ሲነሳ ሌላው ዓሣ እንቁላሉን ይጨርሰዋል። ሰመር ላይ ንጋትና ምሽት ዳርቻው፣ ቀትር ላይ ደግሞ ግድቡ አጠገብ ጠለቅ ያለው። በእኛ ሰዓት ሌሊት 11 ተኩል ላይ ከቤት መውጣት ይከብዳል፣ ግን ጥሩው ሰዓት እሱ ነው። መከር ሲገባ ባስ ትንንሽ ዓሣ እያሳደደ ይበላል፤ ስፒነርቤት ያን ጊዜ ነው የሚያምርበት።

ስሞልማውዝና ላርጅማውዝ ለተምታታባችሁ፣ አፉ ሲዘጋ የመንጋጋው ጫፍ ከዓይኑ አልፎ ከሄደ ላርጅማውዝ ነው። ነሐስ መሰል ቀለምና ቀይ ዓይን ካለው ስሞልማውዝ።

ፈቃድ ሳትይዙ እንዳትሄዱ። ኮሎራዶ ውስጥ ዕድሜው 16 የሞላው ሁሉ የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ መግቢያውም ለብቻው ይከፈላል። ስንት ዓሣ፣ ስንት ኢንች፣ የትኛው ዳርቻ ክልክል እንደሆነ በር ላይ ሰሌዳ አለ፣ ቆማችሁ አንብቡት። ሣሩ ውስጥ እባብ አለ፣ ጅራቷን የምታንቀጫቅጨዋ፤ እጃችሁን ሳታዩ ድንጋይ ሥር አታስገቡ። ጁላይና ኦገስት ከሰዓት በኋላ ደመና ሲጠቁር ደግሞ ‘አንዴ ልወርውርና’ የሚባል ነገር የለም። ገላጣ ሜዳ ላይ ረጅሙ ነገር እናንተ ናችሁ፣ የያዛችሁት ግራፋይት ዘንግም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። መኪና ውስጥ ግቡ።

ዓሣው ሲወጣ እጃችሁን መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ንከሩ፣ ደረቅ እጅ ልፋጩን ይልጠዋል። አውራ ጣታችሁን የታችኛው ከንፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ ጥርሱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል እንጂ አይቆርጥም። ትልቅ ከሆነ በሌላው እጃችሁ ሆዱን ደግፉ። ፎቶ፣ ከዚያ ወደ ውሃው። እናቴ አዲስ አበባ ሆና ፎቶውን ባየች ቁጥር ‘እና የት አለ?’ ትላለች። ለቀቅኩት ስላት ዝም ትልና ‘ያን ያህል መንገድ ነድተህ?’ ትለኛለች።