ስማርት በትሩ ሲያብድ ምን ይደረግ?

ስማርት በትር እኛ ዓይነ ስውራን የምንይዘው፣ ፊታችን ያለውን እንቅፋት በንዝረት የሚነግረን በትር ነው። አንድ ወዳጄ ክረምት ላይ ደወለልኝ። «በትሩ አበደ። ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ መንዘሩን አላቆመም» አለ። ስንገናኝ እጀታውን ዳሰስኩት። ዝናብ እንዳይገባው ብሎ በፌስታል ጥፍር አድርጎ አስሮታል። ፈታሁለት። ዝም አለ።

እጀታው ላይ ያለው ሴንሰር የሚሠራው እንደ ሌሊት ወፍ ነው። ጆሯችን የማይሰማውን ድምፅ ወደ ፊት ይልካል፤ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን በንዝረት ይነግረናል። 3 ሜትር ላይ ካለ ግድግዳ ደርሶ መልሱ 20 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። ፊቱን የጋረደው ሁሉ ለእሱ ግድግዳ ነው፤ ፌስታልም ይሁን ጭቃ፣ የነጠላ ጫፍም ይሁን የራስዎ ጣት።

ያለማቋረጥ ይነዝራል

መጀመሪያ የሴንሰሩን ፊት በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ። በመርፌ አይጎርጉሩት፣ ቧንቧ ሥር አይጠቡት። ቀጥሎ አያያዝዎን ይዩ። እጀታው ወደ መሬት ካዘነበለ አስፋልቱን እንደ እንቅፋት ይቆጥረዋል። የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ከሆኑ ግን አልተበላሸም፤ የፊተኛውን ሰው ጀርባ እየነገረዎት ነው። የርቀት ምርጫ ካለው ወደ አጭሩ ይቀይሩት። ዴልሂ በሚገኘው የህንድ ቴክኖሎጂ ተቋም የተሠራው ስማርትኬን ለምሳሌ የ3 ሜትርና የ1.8 ሜትር ምርጫ አለው።

እንቅፋት እያለ ዝም ይላል

ይሄኛው ነው አደገኛው። ባትሪውን ካረጋገጡ በኋላ ግድግዳ ፊት ቆመው ቀስ ብለው ይጠጉ። ለግድግዳም ካልነዘረ ሴንሰሩ ወይም ንዝረት ሰጪው ሞቷል፤ ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት። ለግድግዳ እየነዘረ መንገድ ላይ ብቻ ሳይነግርዎት የሚያልፈው ነገር ካለ ችግሩ የድምፁ ጠባይ ነው። ወፍራም ጋቢ ድምፁን ውጦ ያስቀራል። የቆመ መኪና መስታወት ጋደል ስላለ ድምፁን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያነጥረዋል። ቀጭን ሽቦማ የሚመልሰው ድምፅ ከምንም አይቆጠርም። መፍትሄው ፍጥነት መቀነስና የእጅ አንጓን በትንሹ ግራና ቀኝ ማለት ነው፤ ድምፁ ከአንዱ ማዕዘን ባይመለስ ከሌላው ይመለሳል። ግንባታ ባለበት ሰፈር ደግሞ ሌላኛውን ክንድ ፊት ለፊት ከፍ ማድረግ ነው። ወደ መንገድ የወጣ የባህር ዛፍ አጣና ግንባሬን ካገኘኝ ወዲህ እኔ ይሄን አልረሳም።

ጉድጓድ አይነግረኝም

አይነግርዎትም። የአብዛኞቹ ሴንሰር የሚያየው ከጉልበት ወይም ከወገብ በላይ ያለውን ነው። ክዳኑ የተነሳ ቱቦ፣ ቦይ፣ ደረጃ የበትሩ ጫፍ ሥራ ነው። ሴንሰሩን አምኖ ጫፉን ከመሬት ማንሳት በብዙዎቻችን ላይ የመጣ አመል ነው። ጫፉ ካለቀም ይቀየር፤ ያለቀ ጫፍ ስንጥቅ ውስጥ እየተሰካ ሆድ ይወጋል።

ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ወይም አይሞላም

በሌላ ሰው ገመድ ይሞክሩ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገመዱ ነው። መሰኪያው ርሶ ከሆነ ሳይደርቅ አይሰኩት። ታክሲ ውስጥ ሲቀመጡ ያጥፉት።

ከስልክ ጋር አይገናኝም

መጀመሪያ ያስተካከለልዎ ማን ነው? ወንድምዎ ከሆነ በትሩ አሁንም የእሱን ስልክ እየፈለገ ሊሆን ይችላል። የእሱን ብሉቱዝ ያስጠፉና የእርስዎን እንደ አዲስ ያገናኙ። ከተገናኘ በኋላ የሚቋረጥ ከሆነ የስልኩ ባትሪ ቆጣቢ የበትሩን መተግበሪያ እየዘጋው ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ መተግበሪያ ብቻ ቁጠባውን ያንሱለት። ስልኩ ባይኖርም ንዝረቱ በአብዛኛው ይሠራል፤ የሚያጡት ስልኩ የሚነግርዎትን የመንገድ አቅጣጫ ነው።

ጥገና ሲገባ ስንት ቀን እንደሚቆይ አይታወቅም። እኔ አሮጌዋን ታጣፊ በትሬን ከቦርሳዬ አላወጣትም።