የከተማና የሕንፃ ፊልም ሰፈር ውስጥ ስታሳዩ እነዚህን ስህተቶች አስወግዱ

ባለፈው ቅዳሜም አየሁት። ጎበዝ ወጣቶች፣ ጥሩ ፊልም፣ ሰፊ የኮንዶሚኒየም ግቢ። ሰው ግጥም ብሎ ነበር። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ግን የቀሩት አዘጋጆቹና ሕፃናቱ ብቻ ናቸው። ስለ ከተማና ስለ ሕንፃ የሚያወሩ ፊልሞችን በየግቢው ማሳየት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። የማየው ስህተት ያው ነው።

ትልቁ ፊልሙን በእንግሊዝኛ ለቅቆ መቀመጥ ነው። ይሄ ያንገበግበኛል። ፊልሙ ስለ ቤት ነው። ስለ ቤት ከማንም በላይ የሚያውቁት ደግሞ ውሃ ስትመጣ ሌሊት ተነስተው የሚቀዱት እናቶች ናቸው። እነሱ ካልገባቸው ለማን ነው ያሳየነው?

እኔም አጥፍቻለሁ። አንድ ጊዜ ስለ ፕሩት አይጎ በ2011 እንደ ፈረንጆቹ የወጣውን ዘጋቢ ፊልም አሳየሁ። አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ውስጥ የነበሩ ባለ 11 ፎቅ 33 የመንግሥት መኖሪያ ሕንፃዎች ታሪክ ነው። የጥገናው ገንዘብ ከነዋሪው ኪራይ እንዲወጣ ተደረገ። ነዋሪው ሲቀንስ ገንዘቡም ቀነሰ። ሊፍቱ ተበላሸ፣ ቧንቧው ፈነዳ፣ በፈረንጆቹ 1972 ማፍረስ ተጀመረ። ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ ከዚህ የቀረበ ወሬ ከየት ይመጣል? ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ዞር ብለው «ልጄ፣ ሰዎቹ ምን እያሉ ነው?» አሉኝ። አልተዘጋጀሁም ነበር፤ ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይተው ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሱ። ሌሎችም ተከተሏቸው።

የአማርኛ ጽሑፍ ማስገባት ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ከታች ከሆነ የፊተኞቹ ጭንቅላት ይጋርደዋል፤ ስለዚህ ከላይ አድርጉት። ከቪዲዮው ጋር አንድ ላይ አዋህዱት፤ አለዚያ በሌላ ሰው ላፕቶፕ ሲከፈት ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ማንበብ ለማይችሉና ዓይናቸው ለደከመ ደግሞ ማይክ ይዞ የሚተርክ ሰው መድቡ። ፊልሙን ቀድሞ ሁለት ጊዜ ያየ ይሁን። እኔ አሁን በየ15 ደቂቃው አቆማለሁ። «እዚህ ግቢ ቢሆንስ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዴ ፊልሙን የሊፍቱ ታሪክ ላይ ሳቆም የውሃ ፓምፕ መዋጮ ክርክር ተነስቶ መሸ። ፊልሙን ሳንጨርስ ተለያየን። ካሳየኋቸው ምሽቶች ሁሉ እሱን እወደዋለሁ።

ከፊልሙ በፊት ባለሙያ ጋብዞ 40 ደቂቃ ማናገርም ሰው ይበትናል። አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ እሱም ሰው በሚያውቀው ሕንፃ ይጀመር። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን የነደፈው ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ አፍሪካ አዳራሽንም እንደነደፈ ስትነግሩት፣ በየቀኑ «ማዘጋጃ ወራጅ» የሚለው ሰው ጆሮውን ያቆማል።

ሰዓት። ጥቅምትና ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ነው። ሸራው ላይ ምስል በደንብ የሚታየው ግን 12፡45 ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ የሰፈሩን የድሮ ፎቶዎች አሳዩ። የጎረቤት ፓውዛ እንዲጠፋላችሁም ቀን ላይ ለምኑ፤ ማታ ዘበኛው ማብሪያ ማጥፊያው የት እንዳለ አያውቅም። በክረምት አትሞክሩት።

አንሶላ አትስቀሉ። ብርሃኑ ወደ ኋላ ያልፋል፣ ነፋስ ሲመጣ ይነፋል፣ ሕንፃው ሁሉ ጠማማ ይሆናል። የሕንፃ ፊልም ላይ ቀጥ ያለ መስመር ከተጣመመ ምን ቀረ? ነጭ ግድግዳ ካለ ከእሱ የሚሻል የለም። ከሌለ አቡጀዲ ደርባችሁ አሰፉ፣ ከላይና ከታች አጣና የሚገባበት እጥፋት ይኑረው፣ የታችኛውን አጣና ከድንጋይ ጋር እሰሩት።

ጄኔሬተሩን ከሕንፃው ጀርባ አርቁት። መብራት ሲሄድ ፕሮጀክተሩም ድንገት እንዳይጠፋ ዩፒኤስ በሚባለው ባትሪ ላይ ሰኩት፤ ማራገቢያው ሳያቀዘቅዘው ከቆመ አምፖሉ ሊቃጠል ይችላል። ፊልሙን ከኢንተርኔት ላይ አታጫውቱ። የፊልም ሠሪውንና የወረዳውን ፈቃድ ቀድማችሁ ያዙ።

የመጨረሻው ሐዘን ነው። አንድ ማታ ሞንታርቦ ተክለን፣ ሙዚቃ ከፍተን ሰው እንጠራለን። ከኋላ ብሎክ ሰው ሞቶ ኖሯል። ድንኳን ገና ስላልተተከለ አላወቅንም። አንድ አባት መጡና ምንም ሳይናገሩ እጃቸውን ወደ ብሎኩ ዘረጉ። ወዲያው ዘጋን። ዛሬም ሳስበው ይከብደኛል። ከዚያ ወዲህ የዕድሩን ሰብሳቢ ሳላማክር ቀን አልቆርጥም፣ በዕለቱም ጠዋት እደውላለሁ። አግዳሚ ወንበሩንም የሚያውሱን እነሱ ናቸው። ስትረከቡ ቁጠሩ፣ ስትመልሱም ጠርጋችሁ፣ ቆጥራችሁ፣ በዚያው ሌሊት አስረክቡ፤ ጠዋት ለቀብር ሊፈለግ ይችላል።