ነባር ፖለቲከኛ ለማን እንደቆመ እንዴት ይመዘናል?

ባሕር ዳር ላይ ስለ አንድ ነባር ፖለቲከኛ ወሬ ሲነሳ ፍርዱ የሚያልቀው ቡናው ሳይቀዳ ነው። ወይ «የኛ ሰው» ነው፣ ወይ «አድርባይ»፣ ሲብስም «ባንዳ»። ይህ ስም አንዴ ከተለጠፈ በቀላሉ አይለቅም፤ ለልጆቹ ሳይቀር ይተርፋል። በዚህ ከተማ በስም መለጠፍ ብዙ ሰው ተጎድቷል። ስለዚህ ከመፍረዳችሁ በፊት ጥቂት ሰዓት ወስዳችሁ ምዘናውን ሥሩት።

ደብተር ውሰዱና ገጹን በአራት ዓምድ ክፈሉት። በመጀመሪያው ቀን፣ በሁለተኛው የድርጅቱን ስም፣ በሦስተኛው ሰውየው ያኔ የነበረበትን ኃላፊነት፣ በአራተኛው በወሰነው ውሳኔ ያጣውን ጻፉ። አራተኛውን ሰፋ አድርጉት። ደመወዝ፣ መኪና፣ ቤት፣ ወንበር፣ እስር፣ ስደት የሚገባው እዚያ ነው። በየለውጡ ሁሉ ይህ ዓምድ ባዶ ሆኖ ሦስተኛው ግን ከፍ ከፍ እያለ ከሄደ ምልክት አድርጉበት። ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም።

ቀጥሎ የስም ለውጥን ከወገን ለውጥ ለዩ። አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። በ1973 ዓ.ም. ኢሕዴን የተባለው የትጥቅ ትግል ድርጅት ውስጥ የገባ ታጋይ በ1986 ብአዴን ተባለ፤ በመስከረም 2011 እዚሁ ባሕር ዳር በተካሄደው ጉባኤ አዴፓ ሆነ፤ በ2012 ብልጽግና ገባ። አራት ስም አለው፣ አንድም የመልቀቂያ ደብዳቤ ግን አልጻፈም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ለውጦች በአንድ መስመር እለፏቸው፤ ድርጅቱ ያው ነው። የ2012ቱን ግን ለብቻው ያዙት። ግንባር ውስጥ ያለ ድርጅት የራሱ ማኅተም አለው፣ ሲፈልግ ይወጣል። ውህደት ሲሆን ግን ድርጅቱ ይከስማል። ከግንባሩ ማለትም ከኢሕአዴግ አራት አባል ድርጅቶች ሦስቱ ሲዋሃዱ ህወሓት የቀረው ለዚህ ነው። ስለዚህ «ሰውየው ስለ ውህደቱ ያኔ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ዛሬ ስለዚያ ጊዜ የሚለው አይበቃም።

በተቃዋሚው በኩል ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የ1997ቱ ቅንጅት በአራት ፓርቲዎች የቆመ ነበር። ከምርጫው በኋላ ግማሹ ፓርላማ ገባ፣ ግማሹ አልገባም፤ ብዙዎቹ መሪዎች ታሰሩ፣ ድርጅቱም ተበታተነ። ከዚያ የመጣ ሰው ደብተራችሁ ላይ አራት አምስት የፓርቲ ስም ቢደረደርለት አትደንግጡ። ፓርቲው እየፈረሰበት አቋሙን ይዞ የተጓዘ ሊሆን ይችላል። ይህን የምታውቁት ከየፓርቲው ስም ጎን በመሬት፣ በፌዴራሊዝምና በቋንቋ ጉዳይ የያዘውን አቋም በአንዳንድ ዓረፍተ ነገር ስትጽፉ ነው።

ከዚያ ማጠፊያዎቹን ምረጡ፤ 1983 (የደርግ ውድቀት)፣ 1997 (ምርጫው)፣ መጋቢት 2010 (የጠቅላይ ሚኒስትር ለውጥ)፣ ኅዳር 2012 (የብልጽግና ውህደት)፣ መስከረም 2014 (አዲስ መንግሥት ምሥረታ)። ለእያንዳንዱ ከለውጡ በፊት ያሉትን ሦስት ወራትና ከለውጡ በኋላ ያሉትን ሦስት ወራት ንግግር ፈልጉ። የአማራ ክልሉ የበኩር ጋዜጣ የቆዩ እትሞች፣ የክልሉ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤዎችና የፓርቲ መግለጫዎች ይጠቅማሉ። አሸናፊው ሳይታወቅ የተናገረና ከታወቀ በኋላ የተናገረ እኩል አይመዘኑም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቃል ቢናገሩ እንኳ ቀኑ ይለያቸዋል።

ድምፅ አሰጣጥ ላይ ጠንቀቅ በሉ። በ2007 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ይዘዋል። በዲሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት፣ ማለትም አባል ሁሉ የፓርቲውን ውሳኔ እንዲከተል በሚያስገድደው ደንብ፣ ተይዞ የወጣ እጅ ስለ ሰውየው ልብ ብዙም አይናገርም። የሚናገረው እጅ የተለየበት ቀን ነው። የካቲት 23 ቀን 2010 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲጸድቅ 88 አባላት ተቃውመዋል፣ 7ቱ ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል። ቁጥሩ ብቻውን ማን ማን እንደነበሩ አይነግራችሁም። ያኔ አባል የነበረን ሰው በስብሰባ ላይ ካገኛችሁት በአክብሮትና በቀጥታ ጠይቁት፦ «አቶ እከሌ፣ የካቲት 23 ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበሩ? እጅዎን ያወጡት ለየትኛው ነበር?» «ያኔ ሁኔታው ውስብስብ ነበር» ካለ ጥያቄውን አንዴ ድገሙት። ሁለተኛውን መልስ ቃል በቃል ጻፉ።

ሹመትም እንዲሁ ነው። በመስከረም 2014 የተፎካካሪ ፓርቲ መሪዎች ሚኒስትር ሆነዋል። ሹመት መቀበል በራሱ ክህደት አይደለም። የሚጣራው የፓርቲው አካል ወስኖበት ነበር ወይ፣ የተወሰነው ከሹመቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ከተሾመ ወዲህስ ፓርቲው መንግሥትን ሲተች የሱ ድምፅ የት ነበር የሚለው ነው።

ሥራውን የሚያበላሹ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ትውልድ ቦታ ነው። ጎጃሜ፣ ጎንደሬ፣ ወሎዬ፣ ሸዌ መሆን ስለ ታማኝነት ምንም ስለማይነግራችሁ ደብተሩ ላይ ዓምድ አትስጡት። ሁለተኛው የተቆረጠ ቪዲዮ ነው፤ ሙሉውን ካላገኛችሁ ተዉት። ሦስተኛው ዝምታ ነው። በግምገማና በግለ ሂስ ያደገ ካድሬ ዝም ያለው ስለተስማማ ላይሆን ይችላል። ከእስር ቤት የወጣ ቃልም፣ ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ጀምሮ ክልሉ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር በነበረበት ወቅት የተነገረ ቃልም ክብደቱ ይቀንሳል። ድጋፍም ሆነ ውግዘት፣ አጠገቡ «በአዋጁ ወቅት» ብላችሁ ጻፉበት።

ድምዳሜውን ስትጽፉ «ታማኝ ነው» ወይም «አይደለም» አትበሉ። ለማን ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ ነው ይላል፤ ፓርቲ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። «ለፓርቲው ታማኝ፣ ለመራጩ ግን ከ2010 ወዲህ አይደለም» የሚል ዓይነት ድምዳሜ ይጠቅማል። መራጭ አመኔታ ያጣበትን አባል ማንሳት እንደሚቻልም ያው አንቀጽ ይደነግጋል።

ወረቀቱ ላይ ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡት። የፌዴራሉ ምክር ቤት በመስከረም የመጨረሻው ሳምንት ሰኞ ሲከፈት አውጡና አዲስ መስመር ጨምሩበት።